ኪቶ ከጨረርና ከኬሞ ጎን፦ ወንድሟ ለታመመባት እህትና ለሁለት ሌሎች ጠያቂዎች

የጤናና የማዕድ ዓምድ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ41 ዓመት ወንድሜ ሥራ ቦታው ላይ ድንገት ጣለውና ሆስፒታል ገባ። አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የናሙናው ውጤት ግሊዮብላስቶማ የሚባል የአንጎል ካንሰር፣ ደረጃ 4 ነው አሉን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የሚባል የኬሞ እንክብል ይጀምራል። አሁን የሚወስደው ለእብጠቱ ዴክሳሜታሶን፣ እንዳይጥለው ደግሞ ኬፕራ ነው። እኔ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ ስልኬ ላይ ኪቶ የሚባለው፣ እህልና ስኳር ተቀንሶ ስብ የሚበዛበት አመጋገብ፣ ዕጢውን በረሃብ ይገድለዋል የሚሉ ቪዲዮዎች አያለሁ። የአጎታችን ልጅ ደግሞ ኬሞው መርዝ ነው፣ ይቅርበትና በምግብ ይዳን ይላል። እናታችን ከደሴ መጥታ ጠዋት ጠዋት ገንፎ በማርና በቅቤ ታቀርብለታለች፤ እኔ አነሳዋለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች። ወንድሜ ዝም ብሎ ያየናል። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ኪቶ ይሠራል? በኬሞው ፋንታ ይሆናል? ከጎኑ ማድረግ ከተቻለስ ሐበሻ ቤት ውስጥ እንዴት ይበሰላል? እህቱ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ወንድምሽን ይማርልሽ። ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል፤ ከሦስቱ ቀን የማይሰጠውን ላስቀድም። በጨረሩና በኬሞው ፋንታ ኪቶ አይሆንም። ይህን የምልሽ ምግብን አቃልዬ አይደለም፤ ሥራዬ ምግብ ነው፣ ዕድሜዬን የገፋሁት የካንሰር ሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆሜ ምን ይብሉ እያልኩ ነው። ነገር ግን ጨረሩና እንክብሉ ተፈትነው የሰው ዕድሜ ሲያስረዝሙ ታይተዋል፤ ኪቶ ገና አልታየም።

እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት 573 የግሊዮብላስቶማ ሕሙማን በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ጨረር ብቻ፣ ግማሾቹ ጨረር ከቴሞዞሎማይድ ጋር ወሰዱ። ጨረር ብቻ ካገኙት ሁለት ዓመት የቆዩት 10.4 በመቶ ነበሩ፤ እንክብሉ ከተጨመረላቸው ግን 26.5 በመቶ። ሕሙማኑን እስከ አምስት ዓመት ሲከታተሏቸው ደግሞ 1.9 በመቶ በአንዱ ወገን፣ 9.8 በመቶ በሌላው ወገን በሕይወት ተገኙ። ቁጥሩ ልብ ይሰብራል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከመቶ ስምንት ሰው ማለት ስምንት ቤተሰብ ነው። ወንድምሽ የሚጀምረው ይኸንኑ ሕክምና ነው፦ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት፣ በ30 ጊዜ ተከፋፍሎ የሚሰጥ 60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር፤ በእነዚያ ሳምንታት በየቀኑ ቴሞዞሎማይድ፤ ከዚያ ጥቂት ዕረፍት፤ ከዚያ በየ28 ቀኑ ለአምስት ቀን የሚወሰድ ስድስት ዙር። ኬሞው ከባድ መድኃኒት መሆኑን ሐኪሞቹም አይክዱም፤ ደሙን በየጊዜው የሚመረምሩት ለዚሁ ነው። የአጎታችሁ ልጅ ወንድምሽን እንደሚወድ አልጠራጠርም። ፍቅሩን በሌላ መንገድ ያሳይ፤ ለጨረር ሲሄድ መኪና ይንዳለት፣ ሠላሳ ጊዜ መመላለስ ቀላል አይደለም፤ ጥሎት ለነበረ ሰው መሪ መያዝም ለጊዜው አይፈቀድም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልመለስ። ዕጢውን ማስራብ የሚለው ሐሳብ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ኦክሲጅን ባለበት እንኳ ስኳር በብዛት እየወሰዱ ወደ ላክቲክ አሲድ እንደሚለውጡ አሳይቷል። ዛሬም የፔት ስካን ምርመራ የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ምልክት የተደረገበት ስኳር በደም ሥር ይገባል፣ ዕጢው ሲሰበስበው በምስሉ ላይ ያበራል። ስለዚህ እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ስኳሩን ብንቀንስና ሰውነት ከስብ ኪቶን የሚባል ነዳጅ እየሠራ በእሱ ቢኖር፣ ጤነኛው አንጎል በኪቶን ሲተርፍ ዕጢው ይራባል ተባለ። ጤነኛው አንጎል በኪቶን መኖር መቻሉ እውነት ነው፤ ሰው ለሳምንታት ምግብ ሳይቀምስ ሲቆይ አንጎሉ ከሚያስፈልገው ጉልበት ከግማሽ በላዩን የሚያገኘው ከኪቶን ነው።

ሐሳቡ የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ደም ውስጥ ያለው ስኳር አያልቅም። ምንም እህል ባይቀምስ ጉበት ከፕሮቲን እየሠራ ወደ ደም ይለቀዋል፤ ባይለቅማ ኖሮ ጾመኛ ሁሉ ራሱን ይስት ነበር። ሁለተኛ፣ ዕጢው አንድ ምግብ ብቻ አይጠብቅም። ግሉታሚን የሚባለውን አሚኖ አሲድም፣ ስብንም ያቃጥላል።

ቪዲዮዎቹ በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ አይጦች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በፊኒክስ፣ አሪዞና ከሚገኘው የባሮው ኒውሮሎጂካል ኢንስቲትዩት በወጣ ጥናት፣ የአንጎል ዕጢ የተተከለባቸው 11 አይጦች የኪቶ ምግብና ጨረር አብረው ተሰጥቷቸው በ9ኙ ዕጢው ለመሣሪያ የማይታይ ሆነ። እኔም ሳነበው ደስ ብሎኛል። ቪዲዮው የማይነግርሽ ግን እነዚያ ዘጠኝ አይጦች ጨረሩን የወሰዱ መሆናቸውን ነው።

ሰው ላይ ያለው ማስረጃ ቀጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከክሊቭላንድ ስለ ሁለት ሕፃናት፣ በ2010 ደግሞ ስለ አንዲት የ65 ዓመት ሴት የተጻፉ ዘገባዎች አሉ። ሴትየዋ ጥብቅ ኪቶ ከጨረርና ከቴሞዞሎማይድ ጋር ይዘው ዕጢያቸው ከምስሉ ጠፋ፤ ጥብቁን አመጋገብ ካቆሙ ከ10 ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ምግቡ ይሁን ጨረሩ፣ ወይስ መድኃኒቱ የጠቀማቸው፣ ከአንድ ሰው ታሪክ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ጀርመን ውስጥ ዕጢያቸው በተመለሰባቸው 20 ሕሙማን ላይ ኪቶ ተሞክሮ በ2014 ውጤቱ ወጣ፤ ከባድ ጉዳት አላደረሰም፣ ብቻውን ግን ዕጢውን አልገታም። በ2020 የታተመው የዚሁ ተከታይ የበለጠ ይናገራል። 50 ሕሙማን ዳግም ጨረር ሲወስዱ በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ ለዘጠኝ ቀን ኪቶና ጾም፣ ከፊሎቹ የተለመደውን ምግብ ያዙ። የኪቶዎቹ የደም ስኳር ወረደ፣ ኪቶናቸውም ታየ፤ ዕጢው ሳያድግ በቆየበት ጊዜና በዕድሜ ግን ከሌሎቹ አልተለዩም። ዘጠኝ ቀን ያንሳል የሚል ሰው ክርክሩ ያስኬዳል። ለዚህም ነው ረዘም ያሉ ጥናቶች የቀጠሉት፤ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ሴዳርስ-ሳይናይ ሆስፒታል የሚመራው ጥናት አዲስ ታማሚዎችን ከጨረሩና ከኬሞው ጋር ለ18 ሳምንት በኪቶ ይዞ ለማነጻጸር የተዘጋጀ ነው። ከእናንተ ብዙ በማይርቀው ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥም 25 የአንጎል ዕጢ ሕሙማን በሳምንት አምስት ቀን እህል በጣም የቀነሰ ምግብ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ከሞላ ጎደል ጾም ለስምንት ሳምንት ሞክረው 21ዱ ጨርሰዋል። ያ ጥናት የጠየቀው ሰው ይችለዋል ወይ ብሎ ነው፤ ዕድሜ ይጨምራል ወይ ብሎ አልነበረም። ሊቨርፑል ውስጥ ደግሞ ከ12 ሰዎች ሦስቱን ወር የዘለቁት 4 ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ ኪቶ የግሊዮብላስቶማ ታማሚን ዕድሜ እንደሚያስረዝም ሕሙማንን በዕጣ መድቦ በማነጻጸር ያሳየ ጥናት እስካሁን የለም። ከሕክምናው ጎን በባለሙያ ክትትል መያዝ ግን ለብዙዎች የሚቻል ነው። የወንድምሽን ሐኪም ክፍት የሆነ ጥናት እንዳለ ጠይቂው። በጥናት ውስጥ ከሆነ የምግብ ባለሙያ ይመደብለታል፣ ደሙም ይታያል፤ ሐኪሙ የማያውቀውን ዱቄትና ኪኒን በውድ ለሚሸጥልሽ ግን አንድ ዶላር አትክፈይ።

ኪቶ እውነተኛ ሕክምና የሆነበት ቦታ መኖሩንም ልንገርሽ፣ በሌላው ላይ የምናገረው እንዲታመን። እ.ኤ.አ. በ1921 የማዮ ክሊኒኩ ዶክተር ራስል ዋይልደር ለሚጥል በሽታ ብሎ ያቀደው ነው። በ2008 ለንደን ውስጥ መድኃኒት እምቢ ባላቸው ሕፃናት ላይ ሲፈተን፣ ኪቶ ከያዙት 38 በመቶው የሚጥላቸው ጊዜ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ካልያዙት 6 በመቶው ብቻ። ወንድምሽ ኪቶ ቢይዝ በዚህ በኩል ይጠቀም ይሆናል። ኬፕራው ግን በምንም ምክንያት አይቆምም፣ ሰዓቱም አይዘለልም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ ዴክሳሜታሶን ወደሚባለው ስቴሮይድ። ዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት የሚያወርደው እሱ ነው። የደም ስኳርን ደግሞ ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፣ የጭንና የትከሻ ጡንቻን ይበላል። ስኳሩ ከፍ እያለ ኪቶን ማውጣት ስለሚያስቸግር ኪቶ የያዙ ቤተሰቦች ዴክሳሜታሶኑን በራሳቸው ሲቀንሱ አይቻለሁ። ይህን ፈጽሞ አታድርጊ። ለሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ ሰውነት የራሱን ማምረት ስለዘነጋ ሰው ይወድቃል፤ አንጎሉም መልሶ ሊያብጥ ይችላል። የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፣ ቀስ በቀስ። ጠዋት ከምግብ ጋር ይውሰደው፤ በባዶ ሆድ ጨጓራ ይጎዳል፣ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። ከወንበር ለመነሳት እጁን መደገፍ ከጀመረ፣ ደረጃ መውጣት ካቃተው፣ ጡንቻው እየሟሸሸ ሊሆን ስለሚችል በየማዕዱ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ ወይም አይብ አይታጣ። ኪቶ ሲባል ቅቤ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ጡንቻ በቅቤ አይጠገንም።

ሌላም አደጋ አለ። ኪቶ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ውኃና ጨው ጨምር፣ ያልፋል እለው ነበር። አንጎሉን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ግን ራሱን ሲያመውና ሲያስመልሰው እብጠት ነው፣ ኬሞው ነው፣ ወይስ ምግቡ ብሎ ከቤት ሆኖ መለየት አይቻልም። በዚህ ምክንያት ጨረር በሚጀምርበት ሳምንት ኪቶ እንዲጀመር አልመክርም። ወይ አሁን ባሉት ሁለት ሳምንታት ከሐኪሙና ከምግብ ባለሙያው ጋር ተነጋግሮ ይጀመር፣ ወይ ጨረሩ አልቆ እስኪያገግም ይጠበቅ። ከመጀመሩ በፊት የኩላሊት፣ የጉበት፣ የደም ቅባትና የስኳር ምርመራ ይደረግለት። የኩላሊት ጠጠር፣ የቆሽት ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ካለበት አስቀድማችሁ ተናገሩ። በጣት ደም ኪቶን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሞል በሊትር ድረስ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ማሳደድ ትርፍ የለውም። ሁለት ጊዜ ካስመለሰውና ውኃ አልቆይ ካለው ኪቶውን ትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የሆድ ድርቀትም ይመጣል፤ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ኦንዳንሴትሮን ያብሰዋልና ተልባና ጎመን ቀድመው ይግቡ።

ስለ ምግቡ። ጥብቅ ኪቶ ስንል በቀን 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ነው፤ ላላ ሲል እስከ 50። አንድ እንጀራ ብቻውን ከዚያ ያልፋል። ሽሮም፣ ምስርም፣ ቆሎም፣ ቂጣም ወጡ ማለት ነው። ዶሮ ወጥ ምንም የሌለበት ይመስልሽ ይሆናል፣ ግን 100 ግራም ሽንኩርት 9 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ደግሞ በኪሎ ነው የሚከተፈው። ሽንኩርቱን በጣም ቀንሰሽ፣ ቅቤውንና ቅመሙን ሳትቀንሺ፣ ቀጠን አድርገሽ ሥሪው፤ እንቁላሉ ይብዛ። ጥብስ በሥጋ ቅጠልና በቃሪያ፣ ጎመን በቅቤ ከአይብ ጋር፣ ዓሣ ጥብስ፣ እንቁላል ከአቮካዶ ጋር፣ ቆስጣ በነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ እንደ ልቡ። የእንጀራ ምትክ የሚፈልጉ ተልባ ፈጭተው ከእንቁላል ጋር ምጣድ ላይ ይጋግራሉ፤ እንጀራ አይሆንም፣ መጠቅለያ ግን ይሆናል። ቡናውን ያለ ስኳር ይጠጣ፤ ቡና በቅቤ በአገራችን አንዳንድ አካባቢ የኖረ ነው። ሽሮፕ የሆነ መድኃኒት ስኳር ሊኖርበት ስለሚችል ፋርማሲስቱን ጠይቂ።

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቢው፦ ጥሬ ሥጋ የለም፣ ለብለብ ክትፎም የለም። ኪቶና ሐበሻ ሲገናኙ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ክትፎ በአይብ ነው፤ በእውነትም ከኪቶ ጋር የሚስማማ ምግብ ነው። ቴሞዞሎማይድ ከዴክሳሜታሶን ጋር ሲሆን ግን ሊምፎሳይት የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ያወርዳል። ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች ከጨረሩ ጋር የሳንባ ምች መከላከያ ባክትሪም የሚያዝዙት። በዚህ ጊዜ ጤነኛ ሰው የሚቋቋመው የጥሬ ሥጋ ጀርም ለወንድምሽ ከዕጢው ቀድሞ የሚገድል ሊሆን ይችላል፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ደግሞ አንጎል ድረስ ይወጣል። ክትፎው መሐሉ ድረስ ይብሰል። አይቡም ከተፈላ ወይም ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወተት ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የራሴን አቋም ብትጠይቂኝ፣ ከጨረሩ ጋር ላሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ የምመክረው ከጥብቁ ኪቶ መለስ ያለ ነገር ነው። ለስላሳ፣ የታሸገ ጭማቂ፣ በሻይና በቡና ስኳር፣ ማርና ኬክ ይቅሩ፤ እንጀራው ግማሽ ይሁንና ወጡ ይብዛ። ዴክሳሜታሶን ላይ ላለ ሰው ይህ ብቻውን የደም ስኳሩን ይገራል። የደም ስኳራቸው ከፍ ብሎ የሚቆይ የግሊዮብላስቶማ ሕሙማን ዕድሜ አጭር እንደሚሆን የታዘቡ ጥናቶች አሉ፤ ስኳሩ ራሱ ይሁን፣ ወይስ ሕመማቸው ለከፋባቸው ብዙ ስቴሮይድ ስለሚሰጣቸው ይሁን ገና አልለየም። ቢሆንም ስኳርን በልክ መያዝ የሚጎዳው የለም።

እናትሽን በተመለከተ፣ ሳህኑን ከልጇ ፊት አታንሺባት። ከደሴ ድረስ የመጣች እናት ልጇን በእጇ ካላጎረሰች ምን ታድርግ? ማሩን ተይው፣ ቅቤውን ግን እማዬ ስጪልኝ በያት። እንቁላሉን በቅቤ እሷ ትጥበሰው፣ ጎመኑን እሷ ትክተፈው፣ አይቡን እሷ ታውጣው። ገንፎው ደግሞ ወንድምሽ ኪቶ ካልያዘ በትንሽ ሳህን፣ ያለ ማር፣ በቅቤና በበርበሬ ቢቀርብ ምንም አይልም።

የወንድምሽ ዝምታ ግን ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። ደብዳቤሽ ውስጥ አንቺ አለሽ፣ እናትሽ አለች፣ የአጎታችሁ ልጅ አለ፤ እሱ ምን ይፈልጋል የሚል አንድ ቃል አላገኘሁም። በሠራሁበት ክፍል አንድ አባት ነበሩ፤ ልጆቻቸው ከፍቅር ብዛት እንጀራ ከለከሏቸው። ሰውየው ምግብ ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመሩ፣ ክብደታቸው ወረደ፣ ኬሞውም በድካማቸው ምክንያት ተላለፈ። እንጀራው ሲመለስ መብላት ጀመሩ። ሌላ ወጣት ደግሞ ኪቶውን ራሱ መርጦ፣ ራሱ እየለካ፣ ራሱ እያበሰለ ሲይዘው አንድ የሚያዝበት ነገር በማግኘቱ ብርታት ሲሆነው አይቻለሁ። የሁለቱን ልዩነት የፈጠረው ማን መረጠው የሚለው ነው። ስለዚህ እናትሽም የአጎትሽ ልጅም በሌሉበት ከወንድምሽ ጋር ተቀመጪና ጠይቂው። እሺ ካለ የምግብ ባለሙያ እንዲመደብለት ሐኪሙን ጠይቁ፣ ሁለት ወር ሞክሩት፣ ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ አምስት ከቀነሰ አቁሙት። እንቢ ካለ እንቢታው ይከበር፤ ያጠፋው ነገር የለም፣ ያመለጠውም መድኃኒት የለም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ለጨረር ተራ እየጠበቁ ነው። የቆየ ስኳር አለባቸው፤ ግሊቤንክላማይድና ማታ ማታ ኢንሱሊን ይወስዳሉ። ተራው እስኪደርስ ብዬ ከሦስት ቀን በፊት እህል በሙሉ አቁሜ ኪቶ አስጀመርኳቸው። አሁን ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ትናንት ማታ ደግሞ ይቀባዥሩ ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ እንደደረሰኝ በስልክ መልሼልሃለሁ፤ ሌላም ቤት ይህ ሊደርስ ስለሚችል እዚህ እደግመዋለሁ። ላቡ፣ መንቀጥቀጡና መቀባዠሩ የደም ስኳር ሲወርድ የሚታይ ምልክት ነው። ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን የታዘዙት አባትህ እንጀራ እየበሉ ነው፤ እንጀራው ቀርቶ መድኃኒቱ በነበረበት ሲቀጥል ስኳሩ ይወድቃል። የነቁ ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ አሟምተህ አጠጣ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ለካ፣ ካልተነሳ ድገመው፣ ከዚያ እህል ያለበት ምግብ ስጥና ወደ ጤና ተቋም ውሰድ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አትስጥ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላም ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ሌሊቱን ሰው ከአጠገባቸው አይለይ።

ለስኳር ሕመምተኛ ኪቶ የሚጀመረው መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪም መጠኑን በዚያው ቀን ካስተካከለው ብቻ ነው። ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ከኪቶ ጋር ጨርሶ አይያዙት፤ የደም ስኳሩ ደህና መስሎ እየታየ ደማቸው በአሲድ ሊመረዝ ይችላል። ለጨረር ተራ መጠበቁ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ፤ በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመት በጥቁር አንበሳ ብቻ ሲሰጥ ስለኖረ ወረፋው የብዙ ቤተሰብ ፈተና ነው። በዚህ ጊዜ ለአባትህ የሚበጃቸው ክብደታቸው ሳይወርድ፣ ስኳራቸው ተስተካክሎ፣ መድኃኒታቸው ሳይቋረጥ ተራቸው ላይ መድረስ ነው። እንጀራቸውን መልስላቸው፤ ስኳርና ለስላሳ ይቅር፣ እንቁላልና ወተት ይጨመር።

ጥያቄ፦ እኔው ራሴ ነኝ የአንጎል ዕጢ ታማሚዋ፣ 58 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ። ጨረሩን ጨርሼ አሁን በወር አምስት ቀን የቴሞዞሎማይድ እንክብሉን እወስዳለሁ። ሁዳዴን ሳልጾም ቀርቼ አላውቅም። ልጄ ጾሙ ራሱ ኪቶ ነው፣ ይጠቅምሻል ይለኛል። ጠበልም እሄዳለሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ጨረሩን በመፈጸምዎ እንኳን ደስ አለዎት። ልጅዎ በቅንነት ነው ያለው፣ ግን የጾም ማዕድ ኪቶ አይደለም። በኪቶ የሚፈቀደው ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤና አይብ በጾም የሚከለከለው ነው፤ በጾም የሚበላው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ዳቦ ደግሞ ኪቶ የሚከለክለው። ሁለቱን አንድ ላይ ልያዝ ካሉ ማዕድዎ ላይ ጎመን፣ አቮካዶና ተልባ ብቻ ይቀርልዎታል፤ በዚያ ሰውነት አይጠገንም።

ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ቀኖናዋ ሰፊ ነው፤ ለንስሐ አባትዎ ሕመሙን በግልጽ ይንገሩና እሳቸው በሚፈቅዱልዎ ይሂዱ። ከሥጋና ከወተት መራቁን ከወደዱና ከፈቀዱልዎ ምስር፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒና የሱፍ ፍትፍት በየማዕዱ ይኑሩ፤ ዓሣ ቢፈቅዱልዎ ደስ ይለኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን እኔ አልደግፈውም። ዴክሳሜታሶን ገና ካልተቋረጠልዎ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ ውኃም ቀኑን ሙሉ ያስፈልግዎታል።

እንክብሉን ማታ ከመኝታ በፊት በባዶ ሆድ ይውሰዱት፣ የማቅለሽለሹን መድኃኒት ከእሱ ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርገው። ጠበሉን ጠዋት ያድርጉት። ብዙ ጠበል ጠጥቶ ማስመለስ የተለመደ ስለሆነ ሁለቱ ከተቀራረቡ መድኃኒቱ አብሮ ይወጣል። እንክብሉን ከወሰዱ በኋላ ካስመለስዎ በዚያ ቀን ሌላ አይድገሙ፤ ለሐኪምዎ ደውለው ይንገሩ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለዎትም በጠበል ሰሞን አይቋረጥ። ክብደትዎን በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ይለኩ፤ መውረድ ከጀመረ ለንስሐ አባትዎም ለሐኪምዎም ፋሲካን ሳይጠብቁ ያሳውቁ።